ሕፃን ይዞ ድንበር መሻገር፦ ከሐዋሳ የሚነሳ ወላጅ የሚያዘጋጃቸው ሰነዶች

የሦስት ወር ሕፃን ፓስፖርት ያስፈልገዋል? አዎ። የተወለደ ሳምንቱም ቢሆን ያስፈልገዋል። ቀድሞ በብዙ አገሮች ልጅን በእናቱ ወይም በአባቱ ፓስፖርት ላይ ማስመዝገብ ይቻል ነበር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት «ለአንድ ሰው አንድ ፓስፖርት» የሚለውን አሠራር ካጸና በኋላ ግን ይህ ቀርቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጅ የራሱን ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ስለዚህ «በእኔ ፓስፖርት ላይ ይግባ» ብሎ መጠየቅ ድካም ነው።

ወላጅን የሚያስቸግረው ግን ፓስፖርቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሕፃን የእርስዎ ልጅ መሆኑን በወረቀት ማሳየት ይበልጥ ያስቸግራል፤ የእኛ የስም አወጣጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ አባት ዳንኤል ሐሜሶ ዱካለ፣ እናት ሜሮን ታደሰ በቀለ፣ ሕፃኑ ናሆም ዳንኤል ሐሜሶ ይባላሉ እንበል። ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። በዚህ ቤት አባት «ዱካለ»፣ እናት «በቀለ»፣ ልጅ «ሐሜሶ» ሆነው ይወጣሉ ማለት ነው። ለእኛ የሚገርም ነገር የለውም። ናይሮቢ ወይም ፍራንክፈርት መስኮት ላይ ለተቀመጠ ሠራተኛ ግን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው። እናት ብቻዋን ይዛው ከሄደች፣ ከፓስፖርቷ ላይ ወደ ልጁ የሚያገናኝ አንድም ስም አይገኝም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይደረደራል።

ልደቱን በጊዜው ማስመዝገብ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ልጁ ሐዋሳ ሪፈራል ወይም አዳሬ ሆስፒታል ከተወለደ፣ ከመውጣትዎ በፊት የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ይቀበሉ። ይህ ወረቀት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ቀበሌ ላለው የክብር መዝገብ ሹም የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ልጁ ቤት ከተወለደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳውቃለች። ለምዝገባው እናትና አባት ከነመታወቂያቸው ይቀርባሉ፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ሊያስመዘግብ ይችላል።

ስም ገና ካልወጣለት፣ ማሳወቂያው ላይ «የወይዘሮ እገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፋል። ክርስትናው በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከጠበቁ ከ90ው የሚተርፈው አሥር ቀን ብቻ ነው። የሚሻለው መጠሪያ ስሙን ቀድሞ ወስኖ ማስመዝገብ ነው። የክርስትና ስም በመዝገቡ ላይ አይገባም፤ አያት «ይህም ይጻፍልን» ቢሉም እንኳ። 90 ቀን ካለፈ ምዝገባው «የዘገየ» ይባላል፤ ዓመት ካለፈ ደግሞ የሚጠየቀው ማስረጃ ይበዛል።

ምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉ መስኮቱ ላይ ቆመው ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። ሐሜሶ በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው ወይስ በሁለት? በአባት ፓስፖርት ላይ እንዴት ተጽፏል? ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አባትና ልጅ በወረቀት ተለያዩ ማለት ነው። የአባትን ፓስፖርት ይዞ ሄዶ «እንደዚህ ይጻፍልኝ» ማለት በጣም ይረዳል። ሁለተኛው የእናት ሙሉ ስም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ሳይሆን በፓስፖርታቸው ላይ ያለው ይጻፍ።

ሦስተኛው የልደት ቀን ነው፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጥር 10 ቀን 2025 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። ጸሐፊው ጥርን በ7 ከለወጠው ልጁ በ2024 የተወለደ ይሆንና በወረቀት አንድ ዓመት ይጨምራል። በሰኔ 2018 ቢጓዝ፣ እውነተኛ ዕድሜው 17 ወር ሲሆን በሰነዱ 29 ወር ነው። አየር መንገዱ ከሁለት ዓመት በላይ ነው ብሎ የራሱን ወንበር ያስከፍለዋል። ሌላው ስህተት ወርን በቁጥር ከመጻፍ ይመጣል። ጥር በእኛ አምስተኛ ወር ነው፤ «02/05» ተብሎ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ግንቦት 2 ይሆናል። እነዚህን ከፓስፖርት በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። እርማቱ ከቀበሌ ይጀምራል፤ አንዳንዱም እስከ ፍርድ ቤት ይዘልቃል።

ፓስፖርቱ

ማመልከቻው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ተሞልቶ ቀጠሮ ይያዛል። ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለ፤ ቅጹ ላይ ቅርንጫፉን ሲመርጡ ካልተጠነቀቁ ቀጠሮው አዲስ አበባ ይወጣና ጨቅላ ተሸክሞ መንገድ ይሆናል። በቀጠሮው ቀን ሕፃኑ ራሱ መቅረብ አለበት። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውንና ኮፒውን፣ የወላጆችን መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ቢቻል የጋብቻ ምስክር ወረቀትም ይያዙ። ሁለቱም ወላጆች ቢቀርቡ ጥያቄ ይቀንሳል።

ፎቶ ላይ ችግር የሚፈጥሩት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ጡጦ አፍ ውስጥ መኖሩ፣ የእናት እጅ አንገት ሥር መታየቱ፣ ጥላ፣ የተዘጋ ዓይን፣ ነጭ ልብስ በነጭ ግድግዳ ላይ። ልጁ ጠግቦና ነቅቶ ይሂድ፤ ጠቆር ያለ ልብስ ያልብሱት፤ ኮፍያና የአንገት ጌጥ ይውለቁ። በዚህ ዕድሜ አሻራ አይጠየቅም። ለቪዛ የሚሆን ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ ሲያስነሱ ደግሞ ቀላሉ ዘዴ ሕፃኑን በነጭ አንሶላ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ፎቶ አንሺው ከላይ እንዲያነሳው ማድረግ ነው፤ አንሶላው ግን መጨማደድ የለበትም፤ መስመሩ ሁሉ ይታያል። የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ አሜሪካ ደግሞ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፎቶ ቤቱ የለመደውን ሦስት በአራት ይዘው አይሂዱ።

የሕፃን ፓስፖርት የሚያገለግለው አምስት ዓመት ነው። በሁለት ወሩ የተነሳው ፎቶ ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ፈጽሞ እሱን አይመስልም። ይህ ሕገ ወጥ አያደርገውም፤ ሠራተኛው ግን ትክ ብሎ ማየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀቱና የክትባት ካርዱ ያግዛሉ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ስለሚጠይቁ፣ አምስቱ ዓመት በተግባር አራት ዓመት ተኩል ነው።

አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጓዝ

በቤተሰብ ሕጋችን እናትና አባት በጋብቻ ላይ ሳሉ የልጃቸው የጋራ አሳዳሪዎች ናቸው። አንዱ ልጁን ይዞ ሲወጣ ሌላው ተስማምቷል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ልጅ ከአገር የሚወጣበት መንገድ በጥብቅ ይታያል። ብዙ እናቶች ሳይጠየቁ ያልፋሉ፤ ያ ግን ሁልጊዜ ይሆናል ማለት አይደለም። ወረቀቱ ሳይኖር ከተጠየቁ ያን ቀን የሚፈታ ነገር የለም።

የፈቃድ ሰነዱ የሚከተሉትን ይዞ ይጻፍ፦ የሁለቱ ወላጆች ሙሉ ስምና የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ቁጥር፣ የልጁ ስም፣ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር፣ መዳረሻ አገር፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ ልጁን የሚይዘው ሰው፣ የፈቃጁ ስልክ። «ልጄን ይዛ እንድትሄድ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ቀንም አገርም የሌለው፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ፈቃጁ በክልሉ የሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይፈርማል፤ ቤት ፈርሞ በቀበሌ ማህተም ማስመታት ድንበር ላይ አይበቃም። ከዚያ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል። መዳረሻው አገር ወይም ኤምባሲው ከጠየቀ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቆንስላ ክፍል ያረጋግጠዋል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም ወደዚያ ከመሄዱ በፊት አዲስ አበባ ላይ የወሳኝ ኩነት ማረጋገጫ ማህተም ያስፈልገዋል። ሰነዱ ከክልል ወደ ፌደራል ስለሚወጣ ከሐዋሳ ለሚመጣ ሰው አንድ ሳምንት መመደብ አይበዛም።

አባት ውጭ አገር ካለ፣ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርቦ ይፈርምና ሰነዱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ አይሠራም። አባት በሕይወት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ፍቺ ከሆነ ልጁን ማን እንዲያሳድግ የወሰነው የፍርድ ቤት ውሳኔ ከነማህተሙ ይያዛል። አያት ወይም አክስት ይዛ የምትሄድ ከሆነ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ይላል። ጠቅላላ ውክልና ግን ንብረት ለማስተዳደር የሚሆን ነው፤ ሰነዱ ላይ «ሕፃኑን ይዛ ከአገር እንድትወጣ» የሚል ቃል በግልጽ ካልተጻፈ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

የቢጫ ወባ ካርድ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ የሚሄድ መንገደኛን ብዙ አገሮች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚሰጠው ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ነው፤ ከስድስት ወር በታች ፈጽሞ አይሰጥም። ዕድሜውን እንደ አገሩ ይዩ፤ ኬንያ የምትጠይቀው ከአንድ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ሕንድ ግን ከዘጠኝ ወር። ለልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ወላጆች ይህችን የሦስት ወር ልዩነት ይዘንጓታል፤ ካርድ የሌለው መንገደኛ እዚያ እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። የሚቆጠረው ልጁ እዚያ ሲደርስ ያለው ዕድሜ ነው። ስምንት ወሩ ላይ ቀጠሮ ይዘው፣ ቪዛው ዘግይቶ በዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ከተነሱ ነገሩ ተለውጧል።

ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተበ በአሥረኛው ቀን ነው። ለሐሙስ በረራ ማክሰኞ መከተብ ዋጋ የለውም። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜ ከተከተቡ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም በዘጠኝ ወር ስለሚሰጥ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ወይ በአንድ ቀን ይሰጡ፣ ወይ በመካከላቸው አራት ሳምንት ይኑር። ነርሷን ቀድመው ያማክሩ።

ካርዱን ሲቀበሉ እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ነው፤ ልጅን በእናት ካርድ ላይ መጻፍ አይፈቀድም። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ክትባቱን የሰጠው ባለሙያ በእጁ መፈረም አለበት፤ ማህተም ብቻ ፊርማን አይተካም። የባለካርዱ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ መጻፍ የማይችል ሕፃን ፋንታ ወላጅ ይፈርማል። ይህ ቦታ ባዶ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ካርዱን ዋጋ የሚያሳጣውም እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሐኪም ክትባቱን የከለከለው ልጅ ምክንያቱን የሚገልጽ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ይይዛል።

ቪዛና ትኬት

ሕፃኑ በእናቱ ቪዛ አይገባም፤ የራሱ ማመልከቻ፣ የራሱ ፎቶ፣ የራሱ ቪዛ። ክፍያው እንደ አገሩ ይለያያል። ሸንገን ከስድስት ዓመት በታች ያለን ልጅ አያስከፍልም፤ ከ12 ዓመት በታችም አሻራ አይወስድም፤ ቅጹን ግን ወላጆች ይፈርማሉ፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ለሕፃኑም ይገዛል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ግን ለጨቅላም ለአዋቂም 185 ዶላር ነው። ሌላው የሚረሳው የትራንዚት ቪዛ ነው። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በረራ ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ሕፃኑም ኢትዮጵያዊ ነው። ወላጅ ለራሱ የአሜሪካ ቪዛ ስላለው ያለ ትራንዚት ቪዛ ሲያልፍ ልጁም ያልፋል ብሎ መገመት አደጋ አለው፤ ለልጁ ለብቻው ያጣሩ።

ትኬት ሲቆርጡ ልጁን በዚያው ቦታ ማስያዣ ላይ ስሙንና የልደት ቀኑን ጨምሮ ያስመዝግቡ፤ «ቦሌ ሄጄ እጨምረዋለሁ» አይበሉ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭን ተይዞ በአነስተኛ ዋጋ ይጓዛል፤ በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ ያህል። ሁለት ዓመቱ በጉዞው መካከል ከሞላ ለመመለሻው ወንበር ይገዛለታል። አንድ አዋቂ በጭኑ የሚይዘው አንድ ልጅ ነው፤ መንታ ያላት እናት ብቻዋን ከሆነች ሁለተኛው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። የሚሰቀለው የሕፃን አልጋ ጥቂት ወንበሮች ፊት ብቻ ስለሆነ ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቃል። ሳምንት ያልሞላውን ወይም ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን ለማብረር ሐኪም ያማክሩ፤ አየር መንገዱም ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል።

በሞያሌ በኩል

ከሐዋሳ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ቪዛ ባትጠይቅም ፓስፖርት ትጠይቃለች፤ ለሕፃኑም። ሞያሌ ላይ የድንበሩ ነዋሪ ልጁን አዝሎ ወዲያ ወዲህ ሲል ማየትዎ አያታልልዎት። ያ በድንበር አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። እንደዚያ ተሻግሮ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው በማርሳቢትና በኢሲኦሎ መንገድ ላይ ያሉት የፖሊስ ኬላዎች ያቆሙታል፤ ሕፃን ስለያዙ አይታለፉም።

ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሞያሌ የጋራ የድንበር ጣቢያ አላት። የመውጫውና የመግቢያው ጉዳይ የሚያልቀው በሚገቡበት አገር ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ መውጫ ማህተም፣ ቀጥሎ የኬንያው መግቢያ ማህተም። ወረፋው ሲረዝምና ልጁ ሲያለቅስ ሠራተኛው የእናትን ፓስፖርት መትቶ የልጁን ሊረሳ ይችላል። ከመስኮቱ ሳይለቁ የልጁን ፓስፖርት ገልጠው ሁለቱን ማህተሞችና ቀናቸውን ይዩ። የመግቢያ ማህተም የሌለው ሕፃን ሲመለስ በሕገ ወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቁት እርስዎ ናቸው።

ዋናዎቹ ሰነዶች በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ኮፒዎቹ በሌላ ቦርሳ፣ ፎቷቸው በስልክ ይቀመጥ።

ውጭ ተወልዶ የሚመጣ ሕፃን

ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የዜግነት አዋጅ 378/1996 ይህን በግልጽ ይደነግጋል። ዓረብ አገር ወልዳ የምትመለስ እናት ፓስፖርቱን መጠበቅ ካልቻለች በኤምባሲው ሊሴ ፓሴ ይወጣለታል። ሊሴ ፓሴ ወደ አገር ቤት ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ በእሱ ሌላ አገር መሄድ ወይም መልሶ መውጣት አይቻልም። የሆስፒታሉ የልደት ወረቀት ወሳኝ ስለሆነ ከመውጣቷ በፊት ዋናውን ትቀበል፤ እዚህ ከደረሰች በኋላ ከሩቅ ማስላክ ወራት ይፈጃል። ልደቱንም እዚያው ኤምባሲ ማስመዝገብ ይቻላል።

የሌላ አገር ፓስፖርት ይዞ አያቶቹን ለማየት ሐዋሳ የሚመጣ ሕፃን ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ይህንንም መታወቂያ ሰው «ቢጫ ካርድ» ስለሚለው ከቢጫ ወባው ጋር ይምታታል፤ ስልክ ላይ ሲያስረዱ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ይግለጹ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ ለአንድ ሕፃን የኢትዮጵያም የሌላ አገርም ፓስፖርት አውጥቶ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት መውጫው ላይ ማስያዙ አይቀርም።